በበጋ የሚረጥበው ቤት

ሸዋጌጥ መሸሻን የሰደበችው በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ጠዋት ነው። ቦታው የጋራ ግቢያቸው በር፣ ከባሕር ዛፉ ሥር። ቡናማ ሹራቧን ደርባ፣ በቀኝ እጇ የተበጠሰ የቋንጣ ገመድ ይዛ ነበር። አለቃ ተክለጻድቅ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ለሰላምታ ቆም ብለው ሰምተዋል። ከምንጭ የሚመለሱ ሁለት ሴቶችም እንስራቸውን እንዳዘሉ ሰምተዋል። መሸሻ ከዚህ ሁሉ አንዲቱን አልረሳም። ሰው የልጁን የልደት ቀን ይረሳል፤ እሱ ግን የተሰደበበትን ቀን አይረሳም።

ነገሩን ያመጣው ድመቱ ነው። ሸዋጌጥ ሐረር ወታደር ለሆነው ልጇ ልትልክ ያሰጣችውን ቋንጣ፣ የመሸሻ ድመት ዳለቻ አውርዶ ግማሹን በልቶ ግማሹን አፈር ላይ ትቶት ሄደ። መሸሻ «ጥፋቱ የኛ ነው» ቢል ነገሩ እዚያው ይበርድ ነበር። እሱ ግን «ድመት ድመት ነው፤ አንቺ ሥጋሽን ከፍ አድርገሽ አትሰቅይም?» አላት። ይኼኔ ነው ገመዱን ፊቱ ላይ እያወዛወዘች ያንን ያለችው።

«አንተን እኮ ሞት እንኳ ንቆሃል! ቤትህ ድረስ መጥቶ፣ ከላይ እስከ ታች አይቶህ፣ ‹ይኼ ደግሞ ምን ይሆነኛል› ብሎ ድርቤን ይዞ ሄደ። አንተን ለድመት ትቶህ!»

ሴቶቹ ሳቃቸውን አልቻሉትም። አለቃ ተክለጻድቅ «ተይ እንጂ ሸዋጌጥ፣ ነውር ነው» አሉ፤ አሉ እንጂ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ ሲያደርጉ መሸሻ በደንብ አይቷቸዋል። ሚስቱ ድርቤ ከሞተች ገና መንፈቅ አልሞላትም ነበር።

መልሱ የመጣለት ከቀትር በኋላ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ ይዞ ወደ ጉቶ ጊዳ ሲወርድ ነው። እጅግ ያማረ፣ አጥንት የሚሰብር መልስ ነበር። የሚሰማው ሰው ስላልነበረ ለበቆሎ አገዳው ጮክ ብሎ ተናገረው።

መሸሻ በነቀምቴ አውራጃ ፍርድ ቤት መጥሪያ አድራሽ ነው። አባቱ ከመንዝ ከጦር ጋር መጥተው ወለጋ የቀሩ ናቸው፤ ለልጃቸው ያወረሱት አንድ አሮጌ የጠመንጃ ማንገቻና ብዙ ኩራት ነው። ዳዊት እስከ ግማሽ ደግሟል፤ አስኳላም ሦስተኛ ክፍል ደርሷል። ጸሐፊ እሆናለሁ ብሎ ሲጠብቅ፣ የመዝገብ ቤቱ ሹም ጽሕፈቱን አይቶ «ፊደልህ ጠጅ ቤት ያመሸ ይመስላል፤ አንዱ ባንዱ ላይ ይወድቃል» አለውና መጥሪያ አስያዘው። ይኼም ከነቀኑ ልቡ ውስጥ ተቀምጧል። ሲሬ ላይ አንድ ባላባት የተሰጠውን መጥሪያ ጥሎ በእግሩ የረገጠበት ቀንም አለ። ክርስትና ቤት ከሽማግሎች መሀል አስነስተው ከልጆች ጋር ያስቀመጡት ቀንም አለ። ሁሉም አለ።

ድርቤ በሕይወት ሳለች ይህን ጠባዩን ታውቅበት ነበር። «አንተ ሰውዬ» ትለዋለች፣ «ሌላው ሰው ጎተራው ውስጥ ጤፍ ያስገባል፣ አንተ ስድብ ታስገባለህ። ክረምቱን ምን ልንበላ ነው?» ትልና እሷው ትስቃለች፤ እሱንም ሳያስበው ታስቀዋለች። እንደ እሷ ያሳቀው ሰው በዚህ ዓለም አልተገኘም። የዚያው የነቀምቴ ዙሪያ ልጅ ናት፤ ሲከፋው በኦሮምኛ ታባብለዋለች፣ ሲያጠፋ በአማርኛ ትቆጣዋለች።

ድመቱንም ያመጣችው እሷ ናት። ከቡርቃ ጃቶ በኩል ስትመጣ ቦይ ውስጥ ወድቆ ሲጮኽ አግኝታ በመቀነቷ ጠቅልላ አመጣችው። አመድማ ስለሆነ ዳለቻ አለችው። ልጅ አልነበራቸውም፤ ስለዚህ የቤቱ ልጅ እሱ ሆነ። ድርቤ ደረቷን አሟት ስትተኛ ዳለቻ ከእግሯ ሥር አልተነሳም። በመጨረሻዋ ቀን፣ ድምፅዋ ሲሰልል፣ «ዳለቻን አደራ» አለችው። ትንሽ አረፍ አለችና «አንተንም ለሱ አደራ ብያለሁ» ብላ ፈገግ አለች።

ከዚያ ወዲህ መሸሻ ውሎ ሲገባ በር ላይ የሚቀበለው፣ ከጎኑ የሚተኛው፣ ዓይኑን የሚያየው ይኸው ድመት ነው። አገሩ ሁሉ ቢጠላው ግድ የለውም። በዚያ ቤት ውስጥ የድርቤ እጅ የዳሰሰው፣ ገና ሙቀት ያለው ነገር ዳለቻ ብቻ ነው። እሱ ከጠፋ ድርቤ ሁለተኛ ትሞታለች ብሎ ያምናል።

ጥምቀት አለፈ። ጥር ደረቅ ወር ነው፤ መንገዱ ይቦንናል፣ ሣሩ ይነጣል፣ ከሰማይ ጠብታ አይወርድም። አንድ ጠዋት መሸሻ ከመደቡ ሲወርድ፣ በሩ ሥር፣ እበት በተለቀለቀው ወለል ላይ መዳፍ የሚያህል እርጥብ ቦታ አየ። ቀና ብሎ ቆርቆሮውን አየ። ደረቅ ነው። ጎንበስ ብሎ በጣቱ ነካው። እርጥብ ነው። ወደ አፍንጫው አስጠጋው፤ ሱረት ያደነዘዘው አፍንጫ ግን ምንም አልነገረውም።

በማግስቱ ደግሞ ሌላ፣ ከእንስራው አጠገብ። ከዚያ አጎዛው ላይ። ከዚያ ተመልሶ በሩ ሥር። ትንንሽ ናቸው፤ አንዳንዱ ከሲኒ አፍ አይበልጥም። እንስራውን አገላብጦ አየ፤ አልተሰነጠቀም። ግድግዳውን ዳሰሰ፤ አላዠም። ዳለቻን ለአፍታ እንኳ አልጠረጠረም። ዳለቻ ሁልጊዜ ወጥቶ፣ ከአጥሩ ሥር አፈር ጭሮ፣ ጉዳዩን ጨርሶ፣ መልሶ ቀብሮ የሚመጣ ንጹሕ ድመት ነው። ድርቤ «በዚህስ ካንተ ይሻላል» ትለው ነበር።

ነገሩ የከፋው ሣጥኑ ላይ አጣጥፎ ያስቀመጠው የድርቤን ነጠላ ረጥቦ ባገኘበት ቀን ነው። ሲዘረጋው ዳሩ ላይ ቀላ ብሏል። ደም ነው። በውሃ የተበጠበጠ ደም!

መሸሻ መደቡ ላይ ቁጭ አለ። አሁን ገባው፤ የገባው መሰለው። በር ሥር፣ መኝታ ላይ፣ የሟች ልብስ ላይ። እንዲያው በዘፈቀደ የሚፈስ ውሃ እንዲህ ቦታ አይመርጥም። ቦታውን የሚያውቅ ሰው ነው የሚያፈሰው፤ ደሙም የዶሮ ደም ነው። ይህ መተት ነው። እናቱ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጠላት ሲያስደግም መጀመሪያ ደጃፍ ያረጥባል፣ ቀጥሎ መኝታ ያረጥባል ይሉ ነበር። ጠላቱ ማን ነው? ይኼንን ለማሰብ ጊዜ አልፈጀበትም። በአንድ አጥር የሚኖሩ፣ ቁልፉን የት እንደሚሰቅል የሚያውቁ ስንት ሰዎች አሉ?

መጀመሪያ ጠበል በጠርሙስ አምጥቶ በየማዕዘኑ ረጨ። ይኼ አልረዳውም፤ በነጋታው የትኛው እርጥበት የጠበሉ፣ የትኛው የጠላት እንደሆነ መለየት አቃተው። ቀጥሎ ወለሉን ሙሉ አመድ ነሰነሰ። የሚገባው ሰው ዱካውን ትቶ ይሂድ ብሎ በሩን ቆልፎ ሥራው ሄደ።

ሲመለስ አመዱ ላይ የሰው እግር የለም። ያለው የዳለቻ ዱካ ብቻ ነው። ከበሩ ወደ እንስራው፣ ከእንስራው ወደ አጎዛው፣ ከአጎዛው ወደ ሣጥኑ፣ ደግሞ ተመልሶ ወደ በሩ። በየእርጥበቱ ዳር አመዱ ተጭሯል። መሸሻ ጎንበስ ብሎ ዱካውን አንድ በአንድ ተከተለ።

«አየኸው አይደል?» አለው ድመቱን። «እግር የለውም፤ አንተ ግን አይተኸዋል። በየሄደበት ተከትለህ ጫርክበት። አንበሳዬ!»

ዳለቻ መለሰለት። ድምፁ እንደወትሮው አልነበረም፤ ወፍራምና የተጎተተ ነበር። መሸሻ «ፈርቶ ነው» አለና በጋቢው አቀፈው።

እናቱ ሌላም ነገር ይሉ ነበር። በተደገመበት ቤት ውሃ ክፍቱን አያድርም፤ የፈሰሰው መድኃኒት ውሃ ፈልጎ ይገባበታል፤ መጀመሪያ የጠጣውም ይወድቃል። መሸሻ ይኼ ትዝ አለው። በዚህ ቤት መጀመሪያ የሚጠጣ ማን ነው? ዳለቻ ነው። እንስራውን ጓሮ አውጥቶ ደፋው። የዳለቻንም የውሃ ጣባ ደፍቶ፣ ገልብጦ ከሣጥኑ አጠገብ አስቀመጠው። እሱ ራሱ ፍርድ ቤቱ ቧንቧ ላይ እየጠጣ ይመጣል። ወተቱ የቀረ እንደሆነ ቆይቷል፤ ወተት የምትሸጥላቸው ሸዋጌጥ ነበረች፣ ከስድቡ በኋላ ከእጇ አንድ ነገር አልቀበልም ብሏል። እናም ለዳለቻ ጨው የበላ ቋንጣ እየቆረጠ ያቀርብለታል። ውጭ እንዳይመርዙትም ቀን ቀን ዘግቶበት ይሄዳል።

ይህን ሁሉ ያደረገው ስለሚወደው ነው። ድመቱ የተገለበጠውን ጣባ በእጁ ሲነካካ ሲያየው «ቻለው የኔ ጌታ፣ ቻለው። ላንተው ብዬ ነው» ይለው ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሸዋጌጥን፣ የቅቤ ቅሏን ይዛ ስትወጣ፣ ግቢው በር ላይ ጠበቃት።

«ሸዋጌጥ።»

«ምነው? ዛሬስ መጥሪያው የኔ ነው?»

«የምታፈሺውን ነገር አቁሚ።»

«ምኑን?»

«ታውቂዋለሽ። በሬ ሥር፣ መኝታዬ ላይ። የሟች ነጠላ ላይ ሳይቀር! እግዜርን አትፈሪም?»

ሸዋጌጥ ቅሏን ከአንድ ወገቧ ወደ ሌላው አዛወረች። መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ዓይኗ ፈጠጠ።

«መተት ነው የምትለኝ? እኔን? በማርያም! በልጄ ዕድሜ!» አለች። «ደግሞስ አንተን ለመጉዳት ምን መተት ያስፈልጋል? ለራስህ አንተው ትበቃለህ!»

«ታዲያ ቤቴ በበጋ ለምን ይረጥባል?»

አለቃ ተክለጻድቅ መቁጠሪያቸውን እንደያዙ ከደጃቸው ብቅ አሉ። ሸዋጌጥ ደግሞ ሰሚ ስታገኝ ምላሷ ይሳላል።

«መኝታህ ላይ ይረጥባል?» አለች ቀስ ብላ። «ጠዋት ስትነሳ ነው የምታገኘው? ወይ ጉድ! አለቃ፣ ይስሙልኝ! ሰውዬው ሸምግሎ ማታ ማታ ያመልጠዋል፣ ሲነጋ ጎረቤት ይከሳል!»

«ኧረ ተይ አንቺ ሴትዮ!» አሉ አለቃ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ጨርቅ አንጥፍበት አያ መሸሻ! የሕፃን ጨርቅ ካስፈለገህ እኔ ጋ አለ፣ ከልጄ የተረፈ!»

መሸሻ ወደ ቤቱ ገብቶ በሩን በላዩ ላይ ዘጋ። ጆሮው ይጮኻል። ብቻውን ሲሆን እንደ ሌባ ተሸማቆ የራሱን ሱሪ ዳሰሰ። ምናልባት እውነቷን ቢሆንስ? ሱሪው ደረቅ ነው። ደረቅ በመሆኑ ደስ ሳይለው ፈራ፤ እሱ ካልሆነ ጠላት ነው ማለት ነው፣ ጠላት ከሆነ ደግሞ እርጥበቱ አልቀነሰም፣ በየቀኑ እየበዛና እየቀላ መጥቷል። የሆነበትን ለዳለቻ ሊነግረው ዞረ። ዳለቻ ከመደቡ ሥር ጥጉ ውስጥ ገብቶ አልወጣም አለ። ከትናንት የተረፈው ቋንጣ ሳይነካ ደርቋል።

«አንተም አኮረፍከኝ?» አለው መሸሻ፤ ቋንጣውን ለውጦለት፣ በሩን ቆልፎ ሥራው ሄደ።

ቅዳሜ ፍርድ ቤት ግማሽ ቀን ነው። መሸሻ ቀትር ላይ ቤቱ ደርሶ በሩን ሲከፍት የቀኑ ብርሃን እስከ ሣጥኑ ዘለቀ። ዳለቻ ሣጥኑ ላይ ነው። በድርቤ ነጠላ ላይ፣ ጀርባውን አጉብጦ፣ ጭራውን ወደ ኋላ ገትሮ፣ ቁጢጥ ብሏል። መሸሻን አይቶ አልወረደም፤ ያየውም አይመስልም። ሁለመናው ይንቀጠቀጣል። ያምጣል። ምጥ እንደጠናባት ሴት እየቆየ ያምጣል። ከዚያ መሸሻ ሰምቶት በማያውቅ ድምፅ ጮኸ፤ ከሥሩም አንዲት ጠብታ ወረደች። ቀይ ናት። ነጠላው ጠጣት፣ ሰፋችም።

መሸሻ አንድ እግሩ ውጭ፣ አንድ እግሩ ውስጥ እንደሆነ ቀረ። ጠብታዋ ስትሰፋ አያት። ያውቃታል። በሩ ሥር ያያት እሷ ናት፣ አጎዛው ላይ ያያት እሷ ናት። አመዱ ላይ የነበረው ዱካ፣ በየእርጥበቱ ዳር የተጫረው፣ ጣባውን መነካካቱ፣ ያ የተጎተተ ድምፅ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ዞሮ ፊት ለፊቱ ቆመ። ቤቱ ውስጥ ማንም አልገባም። ማንም ምንም አላፈሰሰም። ድመቱ ነበር። ድመቱ ታሞ፣ ሽንቱ አልወጣ ብሎት፣ ከቦታ ቦታ እየዞረ ሲሞክር ነበር። ሕመሜን እይልኝ ብሎ በየደረሰበት እየጻፈለት፣ እሱ የጎረቤት ስም ሲያነብበት ከረመ።

«ዳለቻ» አለ። «አንተ ነህ? አንተ ነህ እንዴ?»

ሮጦ አነሳው። ሆዱ እንደ ትርንጎ ጠጥሯል። እጁ ሲያርፍበት ድመቱ ነከሰው፤ ከተወለደ ነክሶት አያውቅም። አሁን ውሃ፣ ቶሎ ውሃ ብሎ ዞረ። እንስራው ተደፍቷል። ጣባው ተገልብጧል። በዚያ ቤት ውስጥ የድመት ምላስ የሚያርስ ውሃ አልነበረም። እሱ ራሱ ነው የደፋው።

ዳለቻን በዚያው ነጠላ ጠቅልሎ ወጣ።

የቅዳሜ ገበያ ሞቋል። ከገበያው ጫፍ፣ ከብት ተራ ላይ፣ ጆቴ የሚባል የከብት ሐኪም ከብት ለሚፈጀው የደስታ በሽታ ክትባት ይሰጣል። ደብረ ዘይት ተምሮ የመጣ፣ የሲሬ ልጅ ነው። መሸሻ ቡና ተራውን፣ ማር ተራውን፣ ቅቤ ተራውን እየገፋ አለፈ። ሰዉ አየው፤ መጥሪያ አድራሹ መሸሻ፣ ካኪውን እንደለበሰ፣ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ደረቱ ላይ አቅፎ ይሮጣል። ከነጠላው ግራጫ ጆሮ ብቅ ብሏል።

«ኦቦ መሸሻ! ሕፃን ነው ያቀፍከው?»

«ድመት ነው እባክህ! ክርስትና ሊያስነሳው ነው!»

«አይ፣ ተከሶ ነው! ችሎት እያቀረበው ነው!»

ገበያው ሳቀ። መሸሻ ማን ምን እንዳለ አልለየም። ዞርም አላለ።

ጆቴ እጅጌውን ጠቅልሎ፣ አንድ ኮርማ ሁለት ሰዎች ቀንዱን ይዘውለት፣ መርፌውን ሊወጋ ሲል ነው የደረሰው።

«ጆቴ! ጆቴ፣ አባቴ! እየው!»

«አካም ጅርቱ ኦቦ መሸሻ። ምንድን ነው?» ሰላምታውን እያደረሰ ነጠላውን ገለጥ አድርጎ አየ። ከዚያ መሸሻን አየ። ሊስቅ ነበር፤ የሰውየውን ፊት ሲያይ ግን ተወው። «ድመት? እኔ እኮ የበሬ ሐኪም ነኝ። መርፌዬ ከሱ ይረዝማል።»

«ሽንት አልወጣ ብሎት ነው። ደም ነው የሚያወርደው። ሆዱን ንካው፣ ንካው እንጂ! እግርህን እስማለሁ ጆቴ!»

ሰዎቹ ኮርማውን እንደያዙ ቆሙ። ይኼ ሰው፣ በሰላምታ ሲቀድሙት እንኳ የተናቀ የሚመስለው ሰው፣ በከብት ተራ አዛባ ላይ ተንበርክኳል።

ጆቴ መርፌውን አስቀምጦ ቁጢጥ አለ። ድመቱን ነጠላው ላይ አጋድሞ ሆዱን በሁለት ጣቱ ዳሰሰ። ዳለቻ አልነከሰም፤ ለመንከስ አቅም አልነበረውም። ጆቴ ከንፈሩን መጠጠ።

«ሞልቷል» አለ። «መውጫው ታግዷል። ጠጠር ነገር ይሆናል፤ በሬም ላይ ይመጣል። ቅቤ ይገኛል? ሙቅ ውሃና ቅቤ።»

«እኔ ጋ አለ» አለ የሴት ድምፅ።

ሸዋጌጥ ነበረች። ሳቁን ሰምታ ምን እንደሆነ ለማየት ከቅቤ ተራ መጥታለች። ቅሏን ሳትጠየቅ ከፈተችው። ከሻይ ሻጯም ሙቅ ውሃ በጣሳ ተቀብላ መጣች። ከዚያ ሹራቧን ሰብሰብ አድርጋ አዛባው ላይ ቁጭ አለችና የዳለቻን የፊት እግሮች ያዘች። መሸሻ የድመቱን ራስ ያዘ። እጃቸው ሊነካካ ምንም አልቀረውም። መሸሻ ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም።

ጆቴ ጨርቅ በሙቅ ውሃ እየነከረ ሆዱ ላይ አደረገ። ቅቤ ቀባ። ቀስ ብሎ አሸ፣ ቀስ ብሎ ጫነ። ምንም። እንደገና። አንዲት ጠብታ ወጣች። ሌላ አልተከተላትም።

«ቀጭን ጎማ ቢኖረኝ ይሻል ነበር» አለ ጆቴ ላቡን በክንዱ እየጠረገ። «የኔ ዕቃ ሁሉ ለትልቅ እንስሳ ነው።»

«ሐኪም ቤት ልውሰደው። ለሰው የሚሆን ቀጭን ጎማ አላቸው፤ እለምናቸዋለሁ።»

«ኦቦ መሸሻ፣ ማሎ፣ እባክህ ስማኝ። ሰውነቱ ቀዝቅዟል። እስክትደርስ አይቆይም።» ጆቴ ጆሮውን የድመቱ ደረት ላይ አስጠጋ። ከዚያ ሥራውን ሳያቋርጥ፣ ማንኛውንም ከብት አምጪ እንደሚጠይቀው ጠየቀው። «ውሃ ይጠጣ ነበር?»

መሸሻ የዳለቻን ጆሮ ዳሰሰ።

«ውሃ እያገኘ ነበር ወይ? ይኼ ነገር ውሃ ካጣ ይብሳል።»

«ደፋሁበት» አለ መሸሻ።

«ምን?»

«ውሃውን ደፋሁበት። እንስራውንም፣ ጣባውንም።»

«ለምን?»

የመሸሻ ዓይን ሳያዘው ወደ ሸዋጌጥ ሄደ፤ ደርሶም ቶሎ ተመለሰ። ሸዋጌጥ አየችው። የዓርቡ ጠዋት፣ «በሬ ሥር፣ መኝታዬ ላይ» ያለው ሁሉ ፊቷ ላይ አንድ በአንድ ሲያልፍ ታየ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ለዚህች ሴት፣ ምላሷ ገበያውን ሁሉ ለሚያስቀው ሴት፣ ይህን የመሰለ ጊዜ ዳግመኛ አይመጣም ነበር። ዙሪያውን የቆመው ሰው ብዙ ነው። ሸዋጌጥ አንገቷን ደፋችና የዳለቻን እግር በአውራ ጣቷ ማሸት ጀመረች።

«አሸው አንተ ልጅ» አለችው ጆቴን፣ «አታቁም።»

ጆቴ አሸ። ኮርማው አጓራ፤ ባለቤቱ «እኛስ?» ሲል ሌላው በክርኑ ጎሰመው። ዳለቻ ዓይኑን ገልጦ ወደ መሸሻ አየ፤ ወይም ወደ እሱ አቅጣጫ አየ። አንዴ በረጅሙ ተዘረጋ፤ የፊት እግሮቹ ከሸዋጌጥ እጅ ወጥተው ነጠላውን ቧጨሩ። ጣቶቹ ተከፈቱ። ከዚያ አልተጨበጡም። ከሥሩ የታገደው ሁሉ ያኔ ለቀቀ፤ ቀይ ውሃ የድርቤን ነጠላ አረጠበው፣ አልፎም የመሸሻን ጉልበት አረጠበው።

ጆቴ እጁን አነሳ። «አለፈ» አለ። ለድመት ምን እንደሚባል ስለማይታወቅ፣ «እግዜር ያጽናህ ኦቦ መሸሻ» አለ።

የሳቀ የለም። ሰዉ አንድ ሁለት እያለ ወደየጉዳዩ ተበተነ። ጆቴም እጁን በቀረው ሙቅ ውሃ ታጥቦ፣ መርፌውን አንስቶ፣ ወደ ኮርማው ዞረ።

መሸሻ የነጠላውን አራት ጫፍ ሰብስቦ ዳለቻን ጠቀለለው። ሲጠቀልል አንደኛው ጫፍ እየወጣ አስቸገረው። ሸዋጌጥ ያን ጫፍ ያዘችለት፤ እሱም አልከለከላትም። ብድግ ሲል ጉልበቱ ላይ ያለው እርጥበት ካኪውን አጥቁሮታል። እሷም ቅሏን ይዛ ተነሳች።

«አያ መሸሻ» አለችው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው፤ ለሱ ብቻ። «ድርቤ ጓደኛዬ ነበረች እኮ። ያቺን ለት የተናገርኩት... ቋንጣው አብግኖኝ ነው። ምላሴ እንደሆነ ታውቀዋለህ።»

መሸሻ ጥቅሉን ከአንድ ክንዱ ወደ ሌላው አዞረ።

«ምነው አንድ ቃል ‹ድመቱን ምን ነካብኝ› ብትለኝ? ምነው አጥር ላይ ቆመህ ብትጠራኝ?» አለች። «እሺ ይኼንን ተወው። አሁን የት ልትቀብረው ነው? ባንተ በኩል ድንጋይ ነው፣ አይቆፈርም። እኔ ጓሮ ከእንሰቱ ሥር አፈሩ ልስልስ ነው። ዶማም አለኝ። አብረን እንሂድና እዚያ እንቅበረው። እ? ምን ትላለህ?»

መሸሻ አያት። ፊቷ ላይ ቅቤና አዋራ አለ፤ ዓይኗ ረጥቧል። የምትጠይቀው ከልቧ እንደሆነ አየ፤ የምትጠብቀው አንዲት ቃል እንደሆነም አየ።

ጥቅሉን ወደ ደረቱ አስጠጋ። ዞረና በኮርማዎቹ መሀል፣ በአዛባው ላይ፣ ምንም ሳይመልስላት ሄደ።